ሁለት ሳክስፎንና አንድ ላፕቶፕ፦ በሐዋሳ የሰማሁትን ሙዚቃ እንዴት ልረዳው?

የሐይቅ ዳር ነዋሪ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ቅዳሜ ማታ እዚህ ሐዋሳ፣ በሐይቁ ዳርቻ በሚገኝ አንድ አዳራሽ፣ ከአውሮፓ የመጡ ሦስት ሙዚቀኞች ያቀረቡትን ዝግጅት ታድሜ ነበር። በመጥሪያ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው «ጃዝ» የሚል ቃል ብቻ ስለነበረ፣ እኔም ሆንኩ አብረውኝ የሄዱት የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ የጠበቅነው የሙላቱ አስታጥቄን ዓይነት፣ ቫይብራፎን ያለበትና ምቱ ረጋ ያለ ሙዚቃ ነበር። መድረኩ ላይ ግን ከበሮም ሆነ ቤዝ ጊታር አልነበረም። ሳክስፎን የያዙ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ቆሙ፤ በመካከላቸው አንዲት ወጣት ሴት ላፕቶፕ፣ ትንሽ ሚክሰርና ብዙ ሽቦ የተዘረጋበት ጠረጴዛ ፊት ተቀመጠች።

ቴነር የሚባለውን ድምፀ ወፍራም ሳክስፎን የያዘው ሰው ለረጅም ጊዜ አንድም ኖታ ሳያሰማ ትንፋሹን ብቻ በመሣሪያው ውስጥ ሲያሳልፍ ቆየ። ጣቶቹ ቁልፎቹን ሲጫኑ የሚወጣው ኳኳታ በማይክሮፎኑ ጎልቶ ይሰማ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ያው ኳኳታ ከኋላችን ካለው ሞንታርቦ ጎርንኖና ተጎትቶ መጣ፤ ይህን ያደረገችው የጠረጴዛዋ ሴት መሆኗን ያወቅሁት ከተጫዋቾቹ አንዱ ወደ እሷ ዞር ብሎ ሲመለከት ነው። ቀጥሎ ሶፕራኖ የሚባለውን ድምፀ ቀጭን ሳክስፎን የያዘው ሙዚቀኛ አፉን ከመሣሪያው ሳያላቅቅና ለትንፋሽ ሳያርፍ፣ ለደቂቃዎች የተያያዘ ፈጣን ድምፅ አሰማ። ጓደኛው ቴነሩን አስቀምጦ አልቶ የሚባለውን መካከለኛ ሳክስፎን አነሣና ወንበር ላይ ተቀምጦ የመሣሪያውን ሰፊ አፍ በጉልበቱ ይደፍነው ጀመር፤ ሲደፍነው ድምፁ ወረድ ይላል፣ ሲያነሣው ይመለሳል። ከታዳሚው ብዙው ዝግጅቱ ሳያልቅ ወጥቶ ሄዷል። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር ለማለት ባልደፍርም፣ ከመቀመጫዬ መነሣት አልቻልኩም።

በሙያው ውስጥ ያላችሁ እንድታስረዱኝ የምፈልገው ይህን ነው። እነዚህ ሰዎች የሚጫወቱት አስቀድሞ የተጻፈና የተጠና ነገር ነው ወይስ እዚያው መድረክ ላይ እየፈጠሩት ነው? የጠረጴዛዋ ሴትስ ሙዚቃ ትጫወታለች ወይስ ድምፅ ታስተካክላለች? ሰውስ ያለ ትንፋሽ ያን ያህል ጊዜ መንፋት እንዴት ይችላል? በሚቀጥለው ወር በዚያው አዳራሽ ተመሳሳይ ዝግጅት እንደሚኖር ተነግሮናል፤ ልሂድ ወይስ ልቅር ብዬ ከመወሰኔ በፊት፣ ጆሮዬን ምን ላይ ማሳረፍ እንዳለብኝ ባውቅ እወዳለሁ።

ቴነር ከፒያሳ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እዚሁ ሐዋሳ በሰርግና በሆቴል ባንዶች ሳክስፎን የምጫወት ሰው ነኝ፤ በዝግጅቱም ላይ ነበርኩ። ከትንፋሹ ልጀምር፤ ተአምር የሚመስለው እሱ ቢሆንም ለማስረዳት ግን ከሁሉ ይቀላል። ተጫዋቹ የሳንባው አየር ሊያልቅ ሲል ጉንጮቹን በአየር ይሞላል፤ ከዚያም በጉንጩ ያጠራቀመውን አየር በጉንጩ ጡንቻና በምላሱ ወደ መሣሪያው እየገፋ፣ በዚያው ቅጽበት በአፍንጫው አጭር ትንፋሽ ይስባል። ጀማሪ የሚለማመደው ብርጭቆ ውኃ ውስጥ በስትሮ እየነፋ አረፋው እንዳይቋረጥ በማድረግ ነው። አስቸጋሪው ከጉንጭ ወደ ሳንባ በሚመለስባት ቅጽበት ድምፁ እንዳይወላገድ ማድረግ ነው፤ በዚህ ላይ ዓመታት የሚያጠፉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1944 የተወለደው እንግሊዛዊው ኢቫን ፓርከር በሶፕራኖ ሳክስፎን ብቻውን የሚያቀርበውን ሙዚቃ የመሠረተው በዚህ ዘዴ ላይ ነው። ያልተቋረጠ ትንፋሽ፣ የጣቶች ፍጥነትና የምላስ ምት ሲደራረቡ፣ ከአንድ መሣሪያ ሁለት ሦስት ዜማ ጎን ለጎን የሚሄድ ይመስላል። ቅዳሜ የሰሙት የዚያ መንገድ ተከታይ ነው።

ጉልበቱን በተመለከተ፣ በሳክስፎን ድምፁ በአብዛኛው የሚወጣው ከተከፈቱት ቀዳዳዎች እንጂ ከሰፊው አፍ አይደለም። ቁልፎቹ በሙሉ ተዘግተው የመጨረሻው ዝቅተኛ ኖታ ሲነፋ ግን መውጫው አፉ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በዚያ ኖታ ላይ አፉን በእግር ሲጋርዱት ቱቦው የረዘመ ያህል ይሆንና ድምፁ ዝቅ ይላል። ሰውየው ያንን ያደረገው በዝቅተኛው ኖታ ላይ ብቻ እንደነበረ ልብ ብለው ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው። እኔ ራሴ በሰርግ ላይ ብሞክረው የሙሽራው አጎት ከመድረክ ያወርደኝ ነበር።

ተጽፏል ወይስ እየፈጠሩት ነው ላሉት፣ በእንዲህ ዓይነት ዝግጅት ኖታ የተጻፈበት ወረቀት ከነጭራሹ ላይኖር ይችላል፤ ያልተወሰነ ነገር ሁሉ ግን በዘፈቀደ የሚሆን አይደለም። አሜሪካዊው ሳክስፎን ተጫዋች ኦርኔት ኮልማን እ.ኤ.አ. በ1960 መጨረሻ ሁለት ኳርቴት (አራት አራት ሰው ያለባቸው ቡድኖች) በአንድ ስቱዲዮ አቁሞ፣ አንዱን ቡድን በግራ ሌላውን በቀኝ ድምፅ ማጉያ በሚሰማ መንገድ 37 ደቂቃ የሚጠጋ ሥራ ሲቀርጽ፣ በየሶሎው መግቢያ የሚገኙት አጫጭር ሐረጎች የተዘጋጁ ነበሩ። የዚህ ዓይነቱ ሙዚቃ መጠሪያ «ፍሪ ጃዝ» (ነፃ ጃዝ) የመጣው ከዚያ አልበም ስም ሲሆን፣ ነፃ የተባለውም ሶሎ የሚጫወተው ሰው አስቀድሞ በተደረደሩ ኮርዶች (አብረው በሚሰሙ የኖታ ስብስቦች) እንዲመራ ስለማይገደድ ነው። ቅዳሜም ቢሆን፣ እኔ እንደተመለከትኩት፣ ሦስቱ የተስማሙበት ነገር ነበር፤ በትንፋሽ ብቻ ይጀምሩ ነበር፣ ወደ መጨረሻውም ሁለቱ ሳክስፎኖች አንድ ኖታ ላይ ይገናኙ ነበር።

ጆሮዎን እዚያ መገናኛ ላይ እንዲያሳርፉ እመክራለሁ። ቴነሩ አንድ ረጅም ኖታ ሲይዝ ሶፕራኖው ያንኑ ኖታ በጥቂቱ ከፍ አድርጎ ያዘው። አንዱ በሰከንድ 220 ጊዜ፣ ሌላው 223 ጊዜ ቢርገበገብ፣ ጆሯችን በሰከንድ ሦስት ጊዜ ከፍ ዝቅ የሚል ድምፅ ይሰማል። አዳራሹ በሙሉ ሲርገበገብ የተሰማዎት ያኔ ነው። ብዙ ሰው ወደ ላፕቶፑ ሲመለከት አይቻለሁ፤ የጠረጴዛዋ ሴት ግን በዚያ ሰዓት እጇን አጣጥፋ ተቀምጣ ነበር። ተጫዋቾቹ ርቀቱን በከንፈራቸው እያጠበቡ መርገብገቡን አዝግመው አዝግመው ሲያጠፉት የነበረውን ትዕግሥት ሳስበው፣ በእኔ ግምት የምሽቱ ምርጥ ክፍል እሱ ነበር።

አባ ታቦር

ጉንጭ አልፋ ክርክር ለማንሣት ሳይሆን፣ ጠያቂው ሁለቱንም ወገን እንዲሰሙ በማሰብ በትሕትና ልቃወም። ዕድሜዬ የፖሊስና የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራዎችን ለመስማት የበቃ ሰው ነኝ። ሳክስፎን ሲጮኽ ሰምቼ የማልደነግጥበት ምክንያት አለኝ፤ ጌታቸው መኩሪያን ሰምቻለሁና። ጌታቸው እ.ኤ.አ. በ1949 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ሥራ ጀምረው፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በኋላም በፖሊስ ኦርኬስትራ ሲጫወቱ፣ የአባቶቻቸውን ሽለላና ፉከራ በቴነር ሳክስፎን ያቀረቡ ሰው ናቸው። ያ ሳክስፎን ያጓራ ነበር፣ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ድምፁ ይሰነጠቅ ነበር፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ታዳሚ ምን እየተባለ እንደሆነ ያውቅ ነበር። ሽለላ ወገንን ያደፋፍራል፣ ጠላትን ያርዳል። እዚሁ በጉዱማሌ አደባባይም በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፍቼ ጨምበላላ ወጣቱ ቄጣላ የተባለውን ባህላዊ ጭፈራ ሲጨፍር ማን ለማን፣ ስለ ምን እንደሚጮኽ የሚጠይቅ የለም።

ቅዳሜ የሰማነው ሙዚቃ ግን ማንን ይሸልላል? ወንድሜ ቴነር ከፒያሳ ስለ ጉንጭና ስለ ጉልበት በሚገባ አስረድተውናል፤ አመሰግናለሁ። ሆኖም አንድ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ማወቅና ለምን እንደሚሠራ ማወቅ የተለያዩ ናቸው። በእኔ ዕይታ ተጫዋቾቹ ጀርባቸውን ለሕዝቡ ሰጥተው እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ አመሹ። ሕዝቡም ወጥቶ በመሄድ መልስ ሰጠ።

ከሚክሰሩ ኋላ

በዝግጅቱ ላይ የአዳራሹን ድምፅ እንድቆጣጠር የተመደብኩት እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን በቅርብ አይቻለሁ፤ ከእንግዳዋም ጋር ከሰዓት በኋላ በሙሉ ገመድ ስንዘረጋ ውለናል።

በአጭሩ ለመመለስ፣ ሴትየዋ ትጫወታለች። በየሳክስፎኑ ፊት ሁለት ሁለት ማይክሮፎን ቆሞ ነበር። አንደኛው በቀጥታ ወደ እኔ፣ ሌላኛው ወደ እሷ የሚሄድ ነው። የእሷ ማይክሮፎን ድምፅን ወደ ኮምፒውተር በሚያስገባው መሣሪያ፣ በኦዲዮ ኢንተርፌስ በኩል ላፕቶፑ ውስጥ ይገባል፤ የሚወጣው ድምፅ ደግሞ በአራቱ ማዕዘን ወዳስቀመጥናቸው ሞንታርቦዎች ይከፋፈላል። አስቀድሞ የተቀዳ ምንም ነገር አልነበረም፤ የምትጠቀመው ሁለቱ ሰዎች በዚያች ሰዓት የነፉትን ብቻ ነው። ስለዚህ እነሱ ዝም ካሉና ከዚያ በፊት የያዘችው ድምፅ ካለቀ እሷም ዝም ከማለት ሌላ አማራጭ የላትም፤ በምሽቱ አጋማሽ የነበረው ያ ረጅም ዝምታ ከዚህ የመጣ ነው።

ከምትሠራቸው ነገሮች ሦስቱን በጆሮ መለየት ይቻላል። ኳኳታው ዘግይቶ ከኋላ ሲመጣ ዲሌይ ነው። አንዱን ኖታ ከመቶኛ እስከ አሥረኛ የሰከንድ ክፍል በሚደርሱ ቁርጥራጮች ከፋፍላ መልሳ ስትበትነው፣ ድምፁ ባለበት እየቆመ ጭጋግ ሆኖ አዳራሹን ይሞላል። ብረት የተመታ የሚመስለው ሻካራ ድምፅ ደግሞ ሪንግ ሞዱሌሽን ይባላል። ሳክስፎኑ 300 ኸርዝ (በሰከንድ 300 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ) ሲያሰማ እሷ በ170 ኸርዝ ብታባዛው፣ የሚወጡት ድምራቸው 470ና ልዩነታቸው 130 ናቸው። እነዚህ ሁለቱ በተለመደው ስምምነት ስለማይዛመዱ፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልም ሆነ ከአንቺሆዬ ቅኝት ጋር የለመደ ጆሮ ወዲያው ይጎረብጠዋል። መጎርበጡን የፈለገችው ነገር ነው።

ይህ ሥራ ትናንት የተጀመረም አይደለም። ኤዲ ሃሪስ የተባለው አሜሪካዊ ሳክስፎን ተጫዋች ገና እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መሣሪያውን ከኤሌክትሪክ ማጉያ ጋር አያይዞ በጃዝ ገበያ ታዋቂ ሆኗል። አሜሪካዊው ትሮምቦን ተጫዋች ጆርጅ ሉዊስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ተጫዋቹን እየሰማ የራሱን መልስ የሚሰጥ፣ ካሻውም ራሱ የሚጀምር የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠራ። በፓሪሱ የሙዚቃ ምርምር ተቋም በኢርካም ሚለር ፓኬት በዚያው ዘመን ከጀመረው ፕሮግራም የመጣው ማክስ የተባለ ሶፍትዌር ዛሬም በእንዲህ ዓይነት ጠረጴዛዎች ላይ ይታያል። ወንድሜ የጠቀሱት ኢቫን ፓርከርም እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ከየመሣሪያ ተጫዋቹ ጎን የኤሌክትሮኒክስ ሰው የሚያስቀምጥ ቡድን መርቷል።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ፤ ይኸውም አዳራሹን የሚመለከት ነው። ወለሉ ሴራሚክ፣ በሐይቁ በኩል ያለው ግድግዳ በሙሉ መስታወት በመሆኑ ድምፅ ገብቶ አይወጣም። እንግዳዋ በላፕቶፕዋ የምትሠራውን መዘግየት አዳራሹ በራሱ ላይ ደርቦ ያበላሸው ነበር። መጋረጃዎቹ እንዲዘጉ ጠይቀን፣ ሐይቁ እንዲታይ ይፈለጋል ተብለን ተከለከልን። ግማሹ ታዳሚ የወጣው ሙዚቃውን ጠልቶ ነው ወይስ ጆሮውን አሞት ነው የሚለውን ጉዳይ አባ ታቦር ከመፍረዳቸው በፊት ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው።

ቴነር ከፒያሳ

ለአባ ታቦር በአክብሮት ልመልስ። ጋሽ ጌታቸውን ያነሡት በትክክለኛው ቦታ ነው። እኔ ግን የእሳቸው ታሪክ ለእርስዎ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ የሚያደላ አይመስለኝም። እሳቸው ሽለላን ወደ ሳክስፎን ሲያመጡ ግጥሙ ቀረ። የፎካሪው ስም፣ የገደለው አውሬ፣ የዘመተበት አገር የሚነገርበት ቃል በሙሉ ቀርቶ ጩኸቱ፣ መንቀጥቀጡና ድንገተኛው ዝምታ ብቻ ተረፈ። ምቱም በከበሮ የሚቆጠር ምት አልነበረም፤ ተናጋሪው ሲተነፍስ የሚተነፍስ ነው። ከእነኮልማንና ከሌላው አሜሪካዊ ሳክስፎን ተጫዋች ከአልበርት አይለር ጋር ሳይተዋወቁ በጎን የደረሱበት ድምፅ ስለሆነ ነው የውጭ ሰሚዎች ሲያገኙት የተደነቁት። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ዘ ኤክስ ከተባለው የሆላንድ ቡድን ጋር አልበም አሳትመዋል። የዚህ ቡድን ጊታሮች ከቅዳሜው ላፕቶፕ ያላነሰ ይጮኻሉ፤ ጋሽ ጌታቸው ግን የአንበሳ ጎፈር ደፍተው በመካከላቸው ቆመው ያንኑ ሽለላቸውን ነፉ እንጂ አልሸሹም።

ሁለት ሰው አንዱን ዜማ ተከፋፍሎ መጫወትም ለእኛ ባዕድ አይደለም። እንቢልታ የጣት ቀዳዳ ስለሌለው አንድ ነፊ የሚያወጣው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ነው፤ ዜማው የሚገኘው ሦስቱ ነፊዎች ተራ በተራ ሲገቡ ነው። እያንዳንዱ የሚጠብቀው የጓደኛውን ትንፋሽ ነው። በቅዳሜው ዝግጅት ቴነሩና ሶፕራኖው አጫጭር ድምፆችን እየተቀባበሉ የተጫወቱበት ክፍል ነበር፤ እኔ እዚያ ላይ የሰማሁት ይህንኑ ጥበብ ነው። ጀርባቸውን ለሕዝብ ሰጡ ያሉትን በከፊል እቀበላለሁ፤ ከመጀመራቸው በፊት አንድ ሰው ወጥቶ በአማርኛም ሆነ በሲዳምኛ ሦስት ዓረፍተ ነገር ቢናገር ኖሮ ብዙ ሰው ባልወጣ ነበር። ይህ ግን የአዘጋጁ ጉድለት እንጂ የሙዚቃው አይደለም።

አባ ታቦር

የእንቢልታውን ነገር አልክድም፤ ጥሩ አድርገው አስታወሱኝ። የጌታቸውን ጉዳይ ግን አልተስማማንበትም። ግጥሙ ቢቀርም ግጥሙን በልባቸው የያዙ ሰሚዎች ነበሩ፤ ሳክስፎኑ የጎደለውን የሚሞሉት እነሱ ናቸው። የቅዳሜው ሙዚቃ በሰሚው ልብ ውስጥ የሚሞላ ነገር አስቀድሞ አላስቀመጠም። ምናልባት በእነሱ አገር ሃምሳ ስድሳ ዓመት ሲሰሙት የኖሩ ሰዎች ልብ ውስጥ ይኖር ይሆናል። እኔ ለመጪው ዝግጅት አልሄድም፤ ጠያቂው ቢሄዱ ግን አልፈርድባቸውም።

የሐይቅ ዳር ነዋሪ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መርገብገቡ ከላፕቶፑ እንዳልመጣ ማወቄ ብቻውን ብዙ ነገር አስተካከለልኝ፤ እኔም ያን ጊዜ ጠረጴዛውን ከሚመለከቱት አንዱ ነበርኩ። አባ ታቦር ያነሡት ጥያቄ ግን በቀላሉ የሚለቅ አልሆነልኝም። ቄጣላ ሲጨፈር ሲዳምኛው ባይገባኝም የሆነ ነገር ይነካኛል፤ ይህ ግን አጠገቤ የሚያለቅስና የሚስቅ ሰው ስላለ ይሁን ዜማው ራሱ ስለሚናገር እስካሁን አልለየሁትም። ቅዳሜ አጠገቤ የነበሩት ባልደረቦቼ ስልካቸውን ነበር የሚነካኩት።

የሆነው ሆኖ በሚቀጥለው ወር ብቻዬን ልሄድ አስቤአለሁ። ከሚክሰሩ ኋላ ያሉትን ወንድሜን አንድ ነገር ልጠይቅ፦ መጋረጃው ዳግም የማይዘጋ ከሆነ የት ብቀመጥ ይሻለኛል? ባለፈው የተቀመጥኩት ከመጨረሻው ረድፍ፣ ከሞንታርቦው ሥር ነበር።

ከሚክሰሩ ኋላ

ከሞንታርቦው ሥር ከተቀመጡ ሳክስፎኖቹን ራሳቸውን አልሰሟቸውም ማለት ነው፤ የሰሙት የላፕቶፑን ቅጂና ከመስታወቱ የተመለሰውን ድምፅ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ከመድረኩ 20 ሜትር ርቆ ለተቀመጠ ሰው መሣሪያው 60 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ዘግይቶ ይደርሰዋል፤ በአጠገቡ ያለው ሞንታርቦ ግን ከዚያ ቀድሞ ይጮኽበታል። ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ መስታወቱን በስተጀርባ ሳይሆን በጎን አድርገው ይቀመጡ። እዚያ ከሆኑ ከነሐሱ በቀጥታ የሚወጣው ድምፅ ይቀድምልዎታል፤ የሴትየዋም መልስ ከኋላዎ ሲመጣ መልስ መሆኑ ይለይልዎታል። እኔም አዘጋጆቹን ስለ መጋረጃው ደግሜ እጠይቃለሁ፤ ዝግጅቱ ከመሸ በኋላ ስለሚጀመር፣ ሐይቁ በዚያ ሰዓት የማይታይ መሆኑን በዚህኛው ጊዜ ላስረዳቸው እሞክራለሁ።